የኮሌጅ ተማሪዎች የበጎ ፈቃድ አገልግሎት፦ በየዓመቱ የሚመጡብኝ ጥያቄዎች

በየትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ የበጎ ፈቃድ ምዝገባ ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ። ተማሪው ይመጣል፣ ቅጹን ያያል፣ ከዚያ ቀና ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለወጡም። መልሱን ከመላመዴ የተነሳ አንዳንዱን ጠይቆ ሳይጨርስ እመልስለታለሁ፤ ጥሩ ጠባይ አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኳቸው። መልሶቹ ውስጥ መረጃም አለ፣ የራሴ አቋምም አለ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጎ ፈቃድ፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት፣ የተግባር ልምምድ… ልዩነታቸው ምንድን ነው?

በወሬ ሁሉም ይቀላቀላሉ። ወረቀት ላይ ግን ይለያያሉ። በዓለም የሥራ ድርጅት ሥር የሚሰበሰበው የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ በ2013 ያጸደቀው ትርጉም በጎ ፈቃድን በሦስት ነገር ይለየዋል። ክፍያ የለውም። ግዴታ የለበትም። የሚሠራውም ከራስ ቤተሰብ ውጭ ላለ ሰው ነው። አያታችሁን ሐኪም ቤት ማመላለስ ትልቅ ሥራ ነው፤ በዚህ ትርጉም ግን በጎ ፈቃድ አይባልም።

የማኅበረሰብ አገልግሎት ሰፋ ያለ ስም ነው። ኮሌጁ ያዘዘውም፣ ክበቡ ያዘጋጀውም በዚህ ይጠራል። በአንዳንድ አገር ፍርድ ቤት በእስር ፋንታ የሚፈርደው ሥራም ስሙ ይሄው ነው። ሲቪ ላይ ስትጽፉት የትና ለማን እንደሠራችሁ ጨምሩበት፣ ነገር እንዳይመጣ። የተግባር ልምምድ ደግሞ ለራሳችሁ ሙያ ብላችሁ የምትሠሩት ነው። ነውር የለውም፤ ግን በስሙ እንጥራው።

ከኮርስ ጋር የተሳሰረ አገልግሎትም አለ፤ ሰርቪስ ለርኒንግ የሚሉት። ስሙን በ1960ዎቹ ያወጡት ሮበርት ሲግመንና ዊልያም ራምዚ የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። ለምሳሌ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ የአንድ አነስተኛ ማኅበር መዝገብ ያስተካክላል። ማኅበሩ መዝገቡ ይጠራለታል። ተማሪው ደግሞ ክፍል ውስጥ አይቶት የማያውቀውን ዝብርቅርቅ ደረሰኝ ያያል። ውጤትም ይሰጥበታል። ውጤቱ መሰጠት ያለበት ግን ለተማረው ነገር እንጂ እዚያ ቁጭ ብሎ ላሳለፈው ሰዓት አይደለም።

ኮሌጁ «ሰዓት ካላሟላችሁ አትመረቁም» ካለ፣ ምኑን በጎ ፈቃድ ሆነ?

አልሆነም። ግዴታ ነው። ግዴታ ስለሆነ ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በሜክሲኮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ለመያዝ ቢያንስ 480 ሰዓት ማኅበራዊ አገልግሎት መስጠት አለበት። በኢትዮጵያም በ1964 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበር። አብዛኞቹ ዓመቱን ያሳለፉት በማስተማር ነው። ሕንድ በ1969 የጀመረችው ብሔራዊ የአገልግሎት መርሐ ግብር በፈቃድ የሚገባበት ነው፤ የገባ ተማሪ ግን በ2 ዓመት 240 ሰዓት ይጠበቅበታል።

የግዴታ ችግር የሚመጣው ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ነው። 40 ሰዓት የተባለ ተማሪ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ይነቃና 40ውን ሰዓት በ5 ቀን ልጨርስ ይላል። ተቀባዩ ድርጅት ምን ያድርገው? መጋዘን ጥረግ ይለዋል። ባለፈው ሳምንት ሌላ ተማሪ የጠረገውን መጋዘን። ሰዓቱ ይሞላል፣ ወረቀቱ ይፈረማል፣ ማንም ግን ምንም አላገኘም። ከተገደዳችሁ ቢያንስ ሥራውን ራሳችሁ ምረጡ። መጀመሪያው ወር ላይ ጀምሩ።

በሳምንት ስንት ሰዓት ልስጥ? ትምህርቴንስ አይጎዳብኝም?

2 ሰዓት። ሴሚስተሩን ሙሉ፣ በየሳምንቱ፣ በአንድ ቦታ። ለጀማሪ ከዚያ በላይ አልመክርም። ሴሚስተሩ 15 ሳምንት ቢሆን 30 ሰዓት ነው፤ ቀላል አይደለም። መንገዱንም ቁጠሩት። 2 ሰዓት ለመሥራት ሌላ 2 ሰዓት ትራንስፖርት ላይ የምታጠፉ ከሆነ እውነተኛው ቁጥር 4 ነው። የዚህ ዓይነቱ ሰው ስድስተኛው ሳምንት ላይ ይሰለቻል፤ ደጋግሜ አይቻለሁ። ቅርብ ያለው ቦታ ብዙም ባያጓጓ እንኳ እሱ ይሻላችኋል።

ፍሬሽ (አንደኛ ዓመት) ላይ ሰው ይሞቀዋል። በአንድ ቀን ሦስት ክበብ ይመዘገባል። ምዝገባ ላይ 60 ስም አለኝ፣ ከወር በኋላ 15 ሰው። የቀሩት መጥፎ ሰዎች አይደሉም። ያላቸውን ጊዜ አልቆጠሩም፣ በቃ።

እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ስምንት ሆነን በአንድ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ እናስጠና ነበር። ጥሩ ሄደ። ልጆቹ ለመዱን። ከዚያ የኛ ፈተና ደረሰ። አንድ በአንድ ቀረን። ለማንም አልተናገርንም፤ እያንዳንዳችን «ሌሎቹ ይሄዳሉ» ብለን ነው። የልጆቹም ፈተና በዚያው ሰሞን ነበር። ይሄ የአጋጣሚ ነገር አይደለም፤ ተማሪ ተማሪን ሲያስጠና ሁልጊዜ ይመጣል። እኛ ያላወቅነው ደግሞ ይሄ ነው፦ የሒሳብ መምህርቷ፣ ተማሪዎቹ መጥተውልኛል ብላ፣ ራሷ ትሰጥ የነበረውን የማካካሻ ክፍል ትታው ነበር። ልጆቹ የሷንም የኛንም አጡ። ከነጭራሹ ባንሄድ ይሻላቸው ነበር። ከፈተና በኋላ ስንመለስ መምህርቷ አልተቆጣችም። «በሚቀጥለው ሴሚስተር ባትመጡ ጥሩ ነው፤ እኔው እይዘዋለሁ» አለችን፣ በትሕትና። ብትቆጣን ይቀለን ነበር።

ስለዚህ አሁን ተማሪ ስመዘግብ መጀመሪያ የምጠይቀው የፈተና ሰሌዳውን ነው። የማትመጡባቸውን ሳምንታት ገና ሳትጀምሩ ለተቀባዩ በጽሑፍ ስጡ። «12ኛውና 13ኛው ሳምንት ላይ የለንም» ይበቃል። መምህርቷ ያንን ብታውቅ ኖሮ የራሷን ክፍል አትተውም ነበር።

ፍሬሽ ነኝ፣ ምንም ሙያ የለኝም። ምን ልሠራ እችላለሁ?

ማንበብና መጻፍ ትችላላችሁ፤ ይሄ ራሱ ብዙ በር ይከፍታል። ወረቀት ላይ ያለ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት፣ ለአዛውንቶች የስልክ አጠቃቀም ማሳየት፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ መደርደር፣ ከሕሙማን ጋር ተሰልፎ ካርድ ማውጣት።

ከሁሉም ግን እኔ የምወደው ለዓይነ ስውር ተማሪዎች መጽሐፍ በድምፅ መቅዳት ነው። ሰው ቀላል ይመስለዋል። ማይክ ፊት ተቀምጣችሁ ሠንጠረዥ ስታነቡ ግን ታዩታላችሁ። የገጽ ቁጥር መጥራት አለባችሁ፣ አለበለዚያ መምህሩ «ገጽ 84 አውጡ» ሲል ሰሚው ይጠፋበታል። ሥዕሉን በቃል መግለጽ አለባችሁ፣ ያለ አስተያየት። የግርጌ ማስታወሻውን የት እንደምታስገቡ አስቀድማችሁ ትስማማላችሁ። አንድ ምዕራፍ የቀዳ ተማሪ ያንን ምዕራፍ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። የቅጂ መብት ለሚያሳስባችሁ፦ በ2013 ማራካሽ ላይ የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ባጸደቁት አገሮች ለዓይነ ስውራን የሚሆን ቅጂ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እንዲዘጋጅ መንገድ ከፍቷል። ይሄ ግን በታወቀ ተቋም በኩል የሚሠራ ነው። ቀድቶ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ሌላ ጉዳይ ነው።

ዊልቸር እጠቀማለሁ። መሳተፍ እችላለሁ?

አዎ። ቦታው የሚመች መሆኑን የማረጋገጡ ሥራ የአስተባባሪው ነው፣ የእናንተ አይደለም። ሄዳችሁ ደረጃ ሥር እንድትቆሙ ካደረግናችሁ፣ ጥፋቱ የኛ ነው፤ ንገሩን።

ቦታ ስመርጥ ምን ምን ልጠይቅ?

መጀመሪያ ይሄን ጠይቁ፦ «እኛ ባንመጣ ይሄን ሥራ ማን ይሠራዋል?» መልሱ «ማንም» ከሆነ ጥሩ። «አንድ ደመወዝተኛ ነበረ፣ እናንተ ስትመጡ አሰናበትነው» ከሆነ ተመለሱ። «ሥራው አያስፈልግም ነበር፣ እናንተን ላለማስቀየም ነው» ብሎ የሚመልስ አታገኙም፤ ፊት ላይ ግን ይነበባል።

ሁለተኛ፣ ማን እንደሚያሠራችሁ በስም ጠይቁ። የሚቀበላችሁ አንድ ሰው ከሌለ የመጀመሪያውን ቀን ኮሪደር ላይ ቆማችሁ ታሳልፋላችሁ። ሦስተኛ፣ ሥልጠና አለ ወይ? ከሕሙማን፣ ከሕፃናት ወይም ከማሽን ጋር የሚሠራ ከሆነ ያለ ሥልጠና አትግቡ። ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያሳክምም አሁኑኑ ጠይቁ፤ ያስፈራል፣ ግን ጠይቁ።

በ1968 ኢቫን ኢሊች የተባለ ቄስና አሳቢ ሜክሲኮ ውስጥ ለአሜሪካውያን ተማሪ በጎ ፈቃደኞች ንግግር አደረገ። ተማሪዎቹ ድሃ መንደሮችን ለመርዳት የመጡ ናቸው። እሱ ግን በጨዋ ቋንቋ ሳይሆን ፊት ለፊት ነገራቸው፦ አገራችንን ለማየት ኑ፣ ለመማር ኑ፣ ለመርዳት ግን አትምጡ አላቸው። የሰዎቹን ቋንቋ አታውቁም፣ ያደረሳችሁትንም ጉዳት ሊነግራችሁ የሚደፍር የለም ነው ነገሩ። እኔ በሙሉ አልስማማበትም፤ እንደሱ ቢሆን ይሄን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። «ያጠፋችሁትን የሚነግራችሁ የለም» የሚለው ግን ልክ ነው። ነጻ እርዳታ የተቀበለ ሰው ቅሬታ ለማሰማት ያፍራል። ስለዚህ በየወሩ «ምን ብንተው ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ምን ብንጨምር?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ምንም፣ እግዜር ይስጥልን» ከማለት ሌላ መልስ አታገኙም።

ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ሄደን ከልጆቹ ጋር ብንጫወትስ?

ብዙ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። መልሴ አብዛኛውን ጊዜ ቅር ያሰኛል። እኔ አልልክም።

ልጁን አስቡት። አንድ ቀን 20 ተማሪ ይመጣል፣ ያቅፈዋል፣ ፎቶ ያነሳዋል፣ ይሄዳል። በሚቀጥለው ወር ሌላ 20 ይመጣል። ልጁ መጀመሪያ ያገኘው ሰው ላይ ሁሉ እየሮጠ ይጠመጠማል። እንግዳ ሰው «እንዴት ደስ የሚል ልጅ ነው፣ ወዲያው ለመደኝ» ይላል። የልጆች አስተዳደግ ባለሙያ ግን እዚያው ላይ ይደነግጣል፤ ልጅ ሁሉንም ሰው እኩል ሲለምድ፣ የኔ የሚለው ቋሚ ሰው እንዳጣ ምልክት ሊሆን ይችላል። ከዚህ የከፋም አለ። በአንዳንድ አገሮች ጎብኚና ስጦታ ስለሚያመጡ ብቻ ወላጅ ያላቸው ልጆች ከቤታቸው ተወስደው ማሳደጊያ የገቡበት አጋጣሚ አለ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2019 መጨረሻ ባሳለፈው የሕፃናት መብት ውሳኔ ላይ ከማሳደጊያ የበጎ ፈቃድ ጉብኝት ጋር የተያያዘውን ጉዳት በስም ጠርቶ፣ አገሮች እንዲከላከሉት ጠይቋል።

ልጆችን መርዳት የምትፈልጉ ከሆነ ሠራተኞቹን እርዱ። ልብስ ማጠብ፣ መጋዘን መመዝገብ፣ የኮምፒውተር ብልሽት ማየት። ሞግዚቷ ከማጠቢያው ስትላቀቅ ጊዜዋን ለልጆቹ ትሰጣለች፤ ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ናት። ለልጆቹ የቤት ሥራ የምታግዙ ከሆነ ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ የሚቆይ ሰው፣ የጀርባ ማጣሪያ (ያለፈ ታሪኩ ምርመራ) ተደርጎለት፣ ሠራተኛ ባለበት ክፍል ውስጥ። ማጣሪያ ያልጠየቃችሁ ተቋም ካለ «እንዴት ያምኑናል!» ብላችሁ ደስ አይበላችሁ። ማንንም ያስገባሉ ማለት ነው።

ደም መስጠት ይቆጠራል? ሰዓትስ ያስይዛል?

በጎ ፈቃድነቱ አያጠያይቅም። ሰዓት ማስያዙን ኮሌጁ ይወስናል፤ እኔ ባይዝ እመርጣለሁ። ሰዓት ፈልጎ የመጣ ሰው የጤና መጠይቁ ላይ ሊዋሽ ይችላል። መጠይቁ ደግሞ የተዘጋጀው ደሙን የሚወስደውን በሽተኛ ለመጠበቅ ጭምር ነው።

በአብዛኛው አገር ዕድሜ ቢያንስ 18፣ ክብደት ቢያንስ 50 ኪሎ ይጠየቃል፤ 45 ኪሎ የሚቀበሉም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ የሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) መጠን ለሴት 12፣ ለወንድ 13 ግራም በዴሲሊትር ነው። ባዶ ሆዳችሁን አትሂዱ፣ ውኃ ጠጡ። ካልተቀበሏችሁ ማፈር የለባችሁም፤ ብዙ ሰው ሳይሰጥ ይመለሳል።

ክበቦች በዓመት አንድ ጊዜ ትልቅ የደም ልገሳ ቀን ማዘጋጀት ይወዳሉ። ባነር፣ ሙዚቃ፣ ረጅም ሰልፍ። ቀይ የደም ሴል ግን በማቀዝቀዣ የሚቆየው ቢበዛ 42 ቀን ነው። ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ክፍል) ደግሞ 5 ቀን አካባቢ። በአንድ ቀን የተሰበሰበ ደም ዓመቱን አያሻግርም፤ ከሁለት ወር በኋላ ደም ባንኩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። 200 ሰው በአንድ ቀን ከማሰለፍ 50 ሰው በየሦስት ወሩ መላክ ይሻላል። ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ደም ባንኩን «መቼ ነው የሚያጥራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ዕረፍት ሰሞን ነው፣ ግቢው ባዶ ሲሆን።

ምንም አይከፈለንም? የትራንስፖርት እንኳ?

የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ መሸፈን በጎ ፈቃድነቱን አይነካም። ቅድም ያልኩት የ2013 ትርጉም አነስተኛ ድጎማን ይፈቅዳል፤ ልኩንም ያስቀምጣል፦ ለዚያ ሥራ በአካባቢው ከሚከፈለው ደመወዝ ከሲሶው በታች። እንዲያውም ወጪ መሸፈን ፍትሕ ነው እላለሁ። ካልተሸፈነ በጎ ፈቃደኛ የሚሆነው ኪሱ የሚችል ተማሪ ብቻ ነው።

ቤተሰቦቼ «ነጻ ጉልበት ነው የሚፈልጉት» ይሉኛል። እውነት አላቸው?

አንዳንዴ አላቸው። ትርፍ የሚሠራ ድርጅት ነው? ሌላው ሰው ደመወዝ የሚበላበትን ሥራ ነው የምትሠሩት? «ወደፊት ልንቀጥርህ እንችላለን» ይላል? ሦስቱም አዎ ከሆነ ወላጆቻችሁን ስሙ።

ፎቶ ብናነሳስ? ሪፖርት ይጠየቃል እኮ።

የራሳችሁን ሥራ አንሱ፤ የጠገናችሁትን ወንበር፣ የደረደራችሁትን መደርደሪያ። የተረጂውን ፊት ተዉት። «ፈቅደውልናል» የሚል አለ። እርዳታ የያዘ ሰው ፊት ቆማችሁ ካሜራ ይዛችሁ ስትጠይቁ እምቢ ማለት ይችላል ወይ? ፈቃድ የምትጠይቁ ከሆነ ከመስጠታችሁ በፊት ሳይሆን ሰጥታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ጠይቁ። ሕፃን ከሆነ ጨርሶ አታንሱ። እናንተ በችግር ቀን ተሰልፋችሁ ፎቷችሁ ክበብ ገጽ ላይ ቢወጣ፣ ከዓመት በኋላም ቀጣሪ ቢያየው ደስ ይላችኋል?

ሰዓታችን እንዴት ይመዘገባል? ጓደኛዬ ቢፈርምልኝስ?

ቀን፣ የገባችሁበትና የወጣችሁበት ሰዓት፣ የሠራችሁት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የተቀባዩ ፊርማ። በዚያው ቀን። ወር ጠብቆ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ የተሞላ ቅጽ ከሩቅ ያስታውቃል። መንገድ አይቆጠርም፣ ሥልጠና ይቆጠራል፣ ሻይ ዕረፍት ላይ አልጨቃጨቅም።

ጓደኛ አይፈርምም።

ሲቪ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?

«በበጎ ፈቃድ ተሳትፌያለሁ» ምንም አይነግርም። «ለሁለት ሴሚስተር በሳምንት አንድ ቀን ለ6 የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሒሳብ አስጠንቻለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ግን የሚጠየቅ ነገር አለው። ቀጣሪው «ስድስቱስ እንዴት ሆኑ?» ሊል ይችላል። መልስ ይኑራችሁ። ሁለቱ ማለፋቸውን ተናገሩ፣ አራተኛው መሐል ላይ መቅረቱንም ተናገሩ። ሰርተፍኬት መደርደሩ አያስፈልግም። የአንድ ቀን የጽዳት ዘመቻ ሰርተፍኬት 11 ይዞ የመጣ ተማሪ አውቃለሁ። ቀጣሪው ያየው የአንድ ቀን ሰው መሆኑን ነው።

ከሥራው በኋላ ጽሑፍ ጻፉ የምንባለው ለምንድን ነው? «ብዙ ተማርኩ» ብዬ ብጨርስ አይበቃም?

አይበቃም። ሁሉም «ብዙ ተማርኩ፣ ያለኝን እንዳመሰግን አደረገኝ» ብሎ ነው የሚጽፈው፤ ማንበቡ ለኔም ቅጣት ነው። ቴሪ ቦርተን የተባለ አሜሪካዊ መምህር በ1970 ያቀረባቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ፣ እነሱን ተጠቀሙ። ምን ሆነ? ታዲያ ምን ይጠበስ? አሁንስ ምን ይደረግ? መካከለኛውን እኔ ነኝ በከተማ አማርኛ ያስቀመጥኩት፣ ግን ልክ እሱን ነው የሚለው።

ለምሳሌ፦ አንዲት ተማሪ ለአዛውንቶች የባንክ መተግበሪያ ታሳይ ነበር። ምን ሆነ? ሦስቱ አዛውንት የይለፍ ቃላቸውን እሷ እንድትይዝላቸው ሰጧት። ታዲያ ምን ይጠበስ? እሷ ታማኝ ናት፤ የሚቀጥለው ሰው ላይሆን ይችላል። ለማያውቁት ሰው የይለፍ ቃል መስጠትን ሳታስበው አለማመደቻቸው። አሁንስ? ከዚያ ወዲህ ሥልጠናው የሚጀምረው «ይሄን ለኔም አትንገሩኝ» በማለት ነው። ይሄን የጻፈችው ግማሽ ገጽ ላይ ነው። ሦስት ገጽ ምስጋና ከመጻፍ ይሄ ይሻላል።

የምረዳው ሰው ከባድ ችግሩን ቢነግረኝ ምን ላድርግ?

ይመጣል። ሒሳብ እያስጠናችሁ ልጁ ቤት ውስጥ እንደሚደበደብ ሊነግራችሁ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ያወጣው የመጀመሪያ ደረጃ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ ሦስት ነገር ይላል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ለተማሪም የሚሆነው ይሄው ነው። ደኅንነቱን እዩ። ሳትመረምሩ፣ «ለምን አልተናገርክም?» ሳትሉ አዳምጡ። ከዚያ ሥራው ወደሆነ ሰው አገናኙ፤ አስቀድማችሁ ማን እንደሆነ እወቁ።

«ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ልጅ ከተጎዳ መናገር ይኖርባችኋል፤ ያኔ ሁለተኛ ክህደት ይሆንበታል። «ሊረዳህ ለሚችል ሰው ብቻ ነው የምናገረው» በሉት። ስልካችሁንም ሌሊት እንዲደውልላችሁ ብላችሁ አትስጡ። ሌሊት ተኝታችሁ ነው የምታድሩት።

የራሳችንን ክበብ ብናቋቁምስ?

መጀመሪያ ያለውን እዩ። አንድ ግቢ ውስጥ ስማቸው ብቻ የሚለያይ አራት የበጎ ፈቃድ ክበብ አይቻለሁ። አራቱም ሊቀ መንበር አላቸው፣ አራቱም ችግኝ ይተክላሉ።

ችግኝን ካነሳን፦ መትከል ግማሽ ቀን ነው። ማጠጣት ግን ዝናብ በሌለባቸው ወራት ሁሉ ነው፣ እነዚያ ወራት ደግሞ ከፈተናና ከዕረፍት ጋር ይጋጫሉ። ዕቅድ ይዘው ለሚመጡ ክበቦች የምጠይቀው «ስንት ትተክላላችሁ?» ብዬ አይደለም። የማጠጫ ተረኛ ስም ዝርዝር አሳዩኝ እላለሁ። ያኔ 500 የነበረው ቁጥር ወደ 40 ይወርዳል። 40 ጥሩ ቁጥር ነው።

የግድ ማቋቋም ካለባችሁ ከሁለተኛ ዓመት ተማሪ ተኪ ያዙ። በጂሲ (በተመራቂ ተማሪ) ብቻ የተሞላ ክበብ ከምረቃው ጋር አብሮ ይመረቃል።

ማቆም ብፈልግ ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ?

ይቅርታ ሳይሆን ማስታወቂያ። ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ለተቀባዩና ለአስተባባሪው ንገሩ። ምክንያት መደርደር አያስፈልግም፤ «ከዚህ በላይ አልችልም» በቂ ነው። የምታስጠኑት ልጅ ካለ የመጨረሻውን ቀን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ በዚያ ቀን ሄዳችሁ ተሰናበቱት። የሚተካችሁ ሰው የሚያነበው አንድ ገጽ ጻፉ፦ የት እንደደረሳችሁ፣ ልጁ ክፍልፋይ ላይ እንደሚቸገር፣ በሩ ሲከፈት ወደ ላይ ገፋ መደረግ እንዳለበት።

ቁልፍ ከያዛችሁም መልሱ። ይሄን ስጽፍ ቢሮው መሳቢያ ውስጥ የየትኛው በር እንደሆኑ የማናውቃቸው አራት ቁልፎች አሉ።